ፈቃዱ የምን ፈቃድ ነው?

በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ ማታ ማታ ለአስተርጓሚዎችና ለነርስ ረዳቶች የአሜሪካን የጤና ሥርዓት በአማርኛ አስረዳለሁ። አንድ ቀን ትምህርቱ ካለቀ በኋላ አንዲት እናት ወንበሮቹን ሰብስበን እስክንጨርስ ጠብቃ ቀረች። «ጋሼ፣ አንድ ነገር ላማክርዎት» አለችኝ። ልጇ 22 ዓመቱ ነው። በመጀመሪያ የሕመም ማስታገሻ ክኒን ነበር፤ አሁን ክኒኑ ውስጥ ምን እንዳለ እሱም አያውቅም። በኢንተርኔት እርዳታ ስትፈልግ ስልክ ቁጥሯን ትታ ነበርና አንድ ሰው ደወለላት። ፍሎሪዳ፣ ባሕር ዳርቻ ወስደን እናክመዋለን አላት። «የአውሮፕላኑንም ትኬት የሚቆርጡት እነሱ ናቸው። እኔማ እግዚአብሔር የላካቸው መሰለኝ።»

ፈቃድ አላቸው ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ይህን ቀድማ አስባበታለች፤ ስልኳን አውጥታ የላኩላትን ፎቶ አሳየችኝ። የስቴቱ ማኅተም አለበት፣ ቁጥር አለበት፣ የሚያበቃበት ቀንም ገና ነው።

«ጥሩ፤ ግን የምን ፈቃድ ነው?» አልኳት።

ግር አላት። እኔም ብሆን ሥርዓቱን ሳላውቀው በፊት ግር ይለኝ ነበር። በዚያ ምሽት ቆመን የተነጋገርነውን እዚህ ላይ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው።

አንድ አገር፣ ሃምሳ ቢሮ

አሜሪካ ለሱስ ሕክምና ተቋማት ሁሉ ፈቃድ የሚሰጥ አንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት የላትም። ሥራው የስቴት ነው፤ እያንዳንዱ ስቴት ደግሞ በገዛ ሕጉና በገዛ ቢሮው ይሠራል። በዋሺንግተን ዙሪያ የምንኖር ሰዎች ድልድይ በተሻገርን ቁጥር ሕግ እንሻገራለን። ቨርጂንያ ውስጥ ፈቃዱን የሚሰጠው የባሕርይ ጤናና የዕድገት አገልግሎቶች መምሪያ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ በጤና መምሪያው ሥር ያለው የባሕርይ ጤና አስተዳደር ነው። ፍሎሪዳ ሥራውን የሰጠችው ለልጆችና ቤተሰቦች መምሪያ ነው፤ ልጅ ከወላጅ የሚነጠቅበትን ጉዳይ የሚይዘው ያው መሥሪያ ቤት ማለት ነው። ይህን ስነግራቸው የማይገረም ተማሪ አላጋጠመኝም።

መስፈርቱም እንደ ቢሮው ይለያያል። ካሊፎርኒያ ታካሚ ሌሊት የሚያድርበትን ተቋም ፈቃድ ታስወጣ ነበር፤ ቀን ቀን ብቻ የሚያክመው ግን ለብዙ ዓመት የስቴቱን የምስክር ወረቀት የሚወስደው ከፈለገ ብቻ ነበር። ግዴታ የሆነው በ2023 በወጣ ሕግ ነው። አንዱ ስቴት የሚከለክለውን ሌላው ያልሰማበት አገር ነው።

አንድ ቃል፣ ብዙ ወረቀት

«ፈቃድ አላቸው» ሲባል ቃሉ ቢያንስ ከአራት ነገሮች አንዱን ሊያመለክት ይችላል። ሰዎች የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ስለሆነ ቀስ ብለን እንሂድ።

አንደኛው የተቋሙ ፈቃድ ነው። ይህ ፈቃድ ለድርጅቱ ስም ብቻ አይሰጥም፤ ለአንድ ዓይነት አገልግሎት፣ በአንድ አድራሻ ነው የሚሰጠው። ቀን ቀን ለሚመላለሱ ታካሚዎች የምክር አገልግሎት እንዲሰጥ የተፈቀደለት ቢሮ በዚያው ወረቀት ሰው ማሳደር አይችልም። ከመጠጥ ወይም ከዕፅ የማላቀቅ ሕክምና፣ እኛ በተለምዶ «ዲቶክስ» የምንለው፣ ራሱን የቻለ ፈቃድ የሚጠይቀውም በምክንያት ነው። ለረጅም ጊዜ ብዙ አልኮል ሲጠጣ የኖረ ሰው፣ ወይም እንደ ቫሊየምና ዛናክስ ያለ ማረጋጊያ ሲወስድ የቆየ ሰው፣ በድንገት ቢያቆም በሚጥል በሽታ ሊሞት ይችላል። «እቤት ቆልፈንበት አስቆምነው» የሚል ወሬ ስሰማ ሆዴ ይላወሳል።

ሁለተኛው የባለሙያው ፈቃድ ነው። ሐኪሙ፣ ነርሷ፣ ካውንስለሩ ከየሙያ ቦርዳቸው የሚያገኙት ነው፤ ከተቋሙ ፈቃድ ጋር ግንኙነት የለውም። ሦስተኛው ዕውቅና ነው። እንደ ጆይንት ኮሚሽንና ካርፍ ያሉ የግል ድርጅቶች መርምረው የሚሰጡት ሲሆን ከስቴት ፈቃድ ጋር ያለው ዝምድና እንደ ስቴቱ ነው። ሜሪላንድ ለአብዛኞቹ ፕሮግራሞች ፈቃዱን ከዕውቅናው ጋር አያይዛዋለች፤ ያለ ዕውቅናው ፈቃዱ አይገኝም። አራተኛው ለሱስ ሕክምና ከሚሰጡ መድኃኒቶች ጋር የተያያዘ ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ቨርጂንያን ለምሳሌ ብንወስድ የተቋሙ ፈቃድ ራሱ ደረጃ አለው። አዲስ የተከፈተ ድርጅት በመጀመሪያ የሚያገኘው የሙከራ ፈቃድ ነው፤ ከ6 ወር አይበልጥም፣ ሥራው እየታየ ይታደሳል። ደንቡን የሚጠብቅ ሙሉ ፈቃድ ያገኛል፤ እስከ 3 ዓመት ሊሆን ይችላል። ደንቡን መጠበቅ ያቃተው ደግሞ ጊዜያዊ ፈቃድ ይይዛል። ይህ ከመዘጋቱ በፊት የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ ነው፤ በቦታው በግልጽ እንዲለጠፍም ያስገድዳል። እንግሊዝኛውን በቅጡ የማያነብ ሰው ሦስቱንም ግድግዳ ላይ ሲያያቸው አንድ ናቸው።

ተቆጣጣሪው የሚያየውና የማያየው

የስቴት ተቆጣጣሪ ሲመጣ የሠራተኞቹን የወንጀል ታሪክ ማጣሪያ ይጠይቃል፤ ለእያንዳንዱ ታካሚ በስሙ የተጻፈ የሕክምና ዕቅድ መኖሩን፣ መድኃኒቱ የሚቆለፍበትን ቁም ሣጥን፣ የእሳት መውጫውን በር፣ ታካሚው አቤት የሚልበትን መንገድ ያያል። ስንት ሰው ታክሞ ዳነ የሚለው ጥያቄ ግን በአብዛኛው ከመጠይቁ ላይ የለም። ሐበሻ ምግብ ቤት ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው የጤና ቢሮ ወረቀት ኩሽናው ንጹሕ ነው ይላል እንጂ ወጡ ይጥማል አይልም፤ ይህም እንደዚያው ነው።

ነገሩን አቃልዬ እያየሁት አይደለም። የእሳት መውጫ በር የሌለው ቤት ውስጥ ሰው ተቃጥሎ ይሞታል። ግን ወረቀቱ ከሚለው በላይ እንዳናስብለው ነው።

ሜታዶን፦ የፊርማ ብዛት

በ1960ዎቹ አጋማሽ ኒው ዮርክ ሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ቪንሰንት ዶልና ማሪ ኒስዋንደር የተባሉ ሁለት ሐኪሞች ሜታዶን በየቀኑ ሲሰጥ የሄሮይን ሱሰኛ ወደ ሥራና ወደ ቤተሰብ መመለስ እንደሚችል አሳዩ። አሜሪካ መድኃኒቱን ተቀበለችው፣ ፈራችውም። ከ1974ቱ የፌዴራል ሕግ ወዲህ ለሱስ የሚሰጥ ሜታዶን ከተራ ፋርማሲ በሐኪም ማዘዣ አይገዛም፤ ለዚሁ ከተፈቀደለት ክሊኒክ መስኮት ላይ ነው የሚጠጣው። አንድ እንዲህ ያለ ክሊኒክ ለመክፈት የስቴቱ ፈቃድ፣ ሳምሳ የሚባለው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ማረጋገጫ፣ የመድኃኒት ቁጥጥር ፖሊሱ ዲኢኤ ምዝገባ፣ በዚያ ላይ የዕውቅና ሰጪ ድርጅት ምርመራ ያስፈልጋል። በጤናው ዓለም እንዲህ የተጠበቀ በር ጥቂት ነው።

የዚህን ጥበቃ ዋጋ የከፈለው ታካሚው ነበር። ፈረቃውን ሳይጀምር በጎህ ተነስቶ በየቀኑ ይሰለፋል። በወረርሽኙ ጊዜ ሰልፉ አደገኛ ሆነና መድኃኒቱን ቤት መውሰድ ተፈቀደ፤ የ2024ቱ የፌዴራል ደንብ ያንን ቋሚ አደረገው። አሁን ሐኪሙ ካመነበት አንድ ታካሚ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት እስከ 7 ቀን፣ ከአንድ ወር በኋላ ደግሞ እስከ 28 ቀን የሚበቃውን ይዞ መሄድ ይችላል። ስቴቱ ከዚህ የጠበቀ ደንብ ካለው ግን የሚሠራው የስቴቱ ነው።

ቡፕረኖርፊን፣ ብዙ ሰው ሱቦክሶን በሚለው የንግድ ስም የሚያውቀው፣ በሌላ መንገድ ሄደ። ከ2000ው ሕግ ጀምሮ ሐኪም ልዩ ፈቃድ አውጥቶ፣ በመጀመሪያው ዓመት ለ30 ሰው ብቻ ነበር የሚያዘው። ያ ልዩ ፈቃድ በታኅሣሥ 2022 መጨረሻ ኮንግረስ በሻረው ጊዜ ቀረ። ዛሬ የቤተሰብ ሐኪማችሁ፣ የተለመደው የዲኢኤ ምዝገባ ካለው፣ እዚያው ቢሮው ውስጥ ሊያዝላችሁ ይችላል። ግድግዳው ላይ «የሱስ ሕክምና» የሚል ወረቀት የለውም፤ ግን በማስረጃ የተደገፈ ሕክምና እየሰጠ ነው። ሙሉ ፈቃድና የሚያምር ግቢ ይዘው ከሁለቱ መድኃኒቶች አንዱንም የማይሰጡ ማዕከሎች ደግሞ አሉ። እኔ ለልጄ ቢሆን የትኛውን እንደምመርጥ አውቃለሁ።

ፈቃድ የማይጠየቅበት ቤት

ከሕክምና የወጣ ሰው ወዴት ይገባል? የድሮ ጓደኞቹ ወዳሉበት ቤት ከተመለሰ ያው ነው። ስለዚህ ብዙዎች «ሶበር ሃውስ» ወደሚባል የጋራ ቤት ይገባሉ። ከእነዚህ ቤቶች ዝነኛው የተጀመረው እኔ ከማስተምርበት ክፍል ብዙም ሳይርቅ፣ እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። በ1975 ካውንቲው የሚያስተዳድረው አንድ የማገገሚያ ቤት ሊዘጋ ሆነ፤ ፖል ሞሎይና አብረውት ይኖሩ የነበሩት ወንዶች ኪራዩን ራሳቸው ተረከቡና ኦክስፎርድ ሃውስ ብለው ሰየሙት። የውስጥ ደንቡን ያነበበ ሐበሻ እድር ነው ቢል አልፈርድበትም። ሁሉም ድርሻውን ያወጣል፣ ሹም በየጊዜው በድምፅ ይመረጣል፣ በአንድ ወንበር ላይ ከ6 ወር በላይ መቀመጥ የለም። የጠጣ ወይም ዕፅ የወሰደ ይወጣል። ሐኪም የለም፣ ካውንስለር የለም፣ ኃላፊ ተብሎ ደመወዝ የሚከፈለው ሰውም የለም።

ሕክምና አይሰጥምና የሕክምና ፈቃድ አይጠየቅም። ከተሞች በሌላ በር ሊያስቆሙት ሞክረው ነበር። በዋሺንግተን ስቴት ኤድመንድስ የምትባል ከተማ በአንድ ቤት ውስጥ ዝምድና የሌላቸው ከ5 በላይ ሰዎች መኖር አይችሉም ብላ ተከራከረች፤ በቤቱ ከ10 እስከ 12 ሰው ይኖር ነበር። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰና በ1995 ስድስት ለሦስት በሆነ ድምፅ፣ እንዲህ ያለው የከተማ ደንብ ከፍትሐዊ የመኖሪያ ቤት ሕግ ነፃ አይደለም ተባለ። በዚያ ሕግ ዓይን ከሱስ እያገገመ ያለ ሰው አካል ጉዳተኛ ነው፤ ጎረቤት አልፈልገውም ስላለ ብቻ ከሰፈር አይባረርም።

ውሳኔው ትክክል ነበር ባይ ነኝ። ነገር ግን ለኦክስፎርድ ሃውስ የተከፈተው በር ለሌላም ክፍት ነው። በብዙ ስቴት ማንም ሰው ቤት ተከራይቶ፣ አልጋ ደርድሮ፣ «ሶበር ሃውስ» ሊል ይችላል። ፍሎሪዳ ለእነዚህ ቤቶች የምስክር ወረቀት አዘጋጅታለች፤ መውሰዱ ግን በፈቃደኝነት ነው። ያደረገችው ሌላ ነገር ነው፦ ከሐምሌ 2016 ጀምሮ ፈቃድ ያለው የሕክምና ማዕከል ታካሚውን የምስክር ወረቀት ወደሌለው ቤት እንዳይልክ ከለከለች።

ፍሎሪዳ፦ ፈቃድ የነበረው ወንጀለኛ

ለምን እንደተገደደች ለመረዳት ገንዘቡን መከተል ነው። በ2008 የወጣ ሕግ ኢንሹራንሶች የሱስን ሕክምና ከሌላ ሕክምና አሳንሰው እንዳይከፍሉ አደረገ። በ2010 የኦባማ የጤና ሕግ መጣ፤ ወጣቶች እስከ 26 ዓመታቸው በወላጅ ኢንሹራንስ ሥር መቆየት ቻሉ። ሁለቱም መልካም ሕጎች ናቸው። ግን ያ የ22 ዓመት ልጅ በአንዳንዶች ዓይን የኢንሹራንስ ካርድ ሆነ። ካርዱን ይዞ ለሚመጣ ደላላ በነፍስ ወከፍ ይከፈላል። ቤቱ በነፃ ያሳድራል፣ በለውጡ ልጁ ወደ ክሊኒኩ ይሄዳል፣ ክሊኒኩ በሳምንት ብዙ ጊዜ ሽንቱን ይመረምራል፤ ለአንዱ ምርመራ ኢንሹራንሱ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይጠየቃል። የሽንት ብልቃጥ «ፈሳሽ ወርቅ» የሚል ስም ያገኘው ያኔ ነው። ልጁ ከዳነ ገቢው ይቆማል፤ ወደ ዕፁ ከተመለሰ ሁሉም ከአንድ ይጀመራል።

ፓልም ቢች ካውንቲ ውስጥ ኬኔት ቻትማን የተባለ ሰው በዚህ መንገድ ይሠራ ነበር። ተማሪዎቼን ሁልጊዜ የማስደነግጥበት ነጥብ ይኸውና፦ ማዕከሎቹ ከስቴቱ የተሰጠ ፈቃድ ነበራቸው። እሱ ቀድሞ በወንጀል የተፈረደበት ስለነበር በስሙ ማውጣት አይችልም፤ ባለቤቷ እኔ ነኝ ብላ የፈረመችው ሚስቱ ናት። በማደሪያ ቤቶቹ ውስጥ ዕፅ ይወሰድ ነበር፤ ሴት ታካሚዎች ለዝሙት ሥራ ተሽጠዋል። በግንቦት 2017 የፌዴራል ፍርድ ቤት 27 ዓመት ከመንፈቅ ፈረደበት። በቀጣዩ ዓመት ኮንግረስ ታካሚ በማምጣት ጉርሻ መስጠትንና መቀበልን በፌዴራል ደረጃ ወንጀል አደረገው፤ ቅጣቱ እስከ 10 ዓመት እስራትና እስከ 200,000 ዶላር ነው።

አሪዞና፦ መንግሥት ራሱ ሲከፍል

የፍሎሪዳው የግል ኢንሹራንስ ነበር። አሪዞና ላይ የተዘረፈው ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች የተዘጋጀው የመንግሥት ኢንሹራንስ፣ ሜዲኬይድ ነው፤ የተዘረፉት ሰዎች ደግሞ በአብዛኛው የአገሬው ተወላጅ ሕንዶች ነበሩ።

የስቴቱ ሜዲኬይድ ለእነሱ የተለየ ዕቅድ አለው። በመሃል የሚቆጣጠር የኢንሹራንስ ኩባንያ የለም፤ ክሊኒኩ ሒሳቡን ለስቴቱ ይልካል፣ ስቴቱ ይከፍላል። ለአንዳንድ የተመላላሽ ሕክምና ዓይነቶች የተወሰነ ዋጋ ስላልነበረ የሚከፈለው ከተጠየቀው ሒሳብ በመቶኛ ነበር። ብዙ የጠየቀ ብዙ ያገኛል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ቀዳዳ ተከፍቶ ሌባ ሳይመጣ ቢቀር ነበር የሚገርመው።

ቫኖች ወደ ናቫሆ መሬትና ወደ ሌሎች ሪዘርቬሽኖች፣ ከአሪዞናም አልፈው ኒው ሜክሲኮ ድረስ ይሄዱ ነበር። ከመንገድ ዳር፣ ከመጠጥ ቤት ደጃፍ ሰው እያነሱ ምግብና አልጋ፣ ሕክምናም እንሰጣለን ብለው ፊኒክስ ያመጣሉ። ሕክምናው ወይ የለም፣ ወይ ለስሙ ነው። መጠጥ ያቀበሏቸው ቤቶችም ነበሩ፤ ሰክሮ የቆየ ሰው አይሄድም። ቤተሰቦች የጠፋ ሰው ፍለጋ ፖስተር ይዘው ፊኒክስን አሰሱ፤ ሕይወታቸው ያለፈ አሉ።

በግንቦት 2023 አገረ ገዢዋ ኬቲ ሆብስና ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጓ ክሪስ ሜይስ ከነገድ መሪዎች ጋር ቆመው ከ100 በላይ ለሆኑ ድርጅቶች ክፍያ መታገዱን ተናገሩ። የጠፋው ገንዘብ እስከ 2.5 ቢሊዮን ዶላር እንደሚደርስ ስቴቱ በኋላ ገምቷል።

አሪዞና ሶበር ቤቶችን ፈቃድ ማስወጣት የጀመረችው ከዚህ ቀደም ብላ በ2019 ነው። ብዙዎቹ ቤቶች ሳያወጡ ሠሩ። ሒሳቡን የሚልከው ክሊኒክ ግን ብዙ ጊዜ ከጤና መምሪያው የተሰጠ ፈቃድ ነበረው። አንዱ ቢሮ ፈቃድ ይሰጣል፣ ሌላው ይከፍላል፤ ሁለቱ አይነጋገሩም። ስለ አሪዞና ሲጻፍ ሰዎች የሚያተኩሩት በሌቦቹ ስግብግብነት ላይ ነው፤ እኔን ግን የሚያሳስበኝ ይኸው የሁለት ቢሮዎች ዝምታ ነው።

ክፍያው በአንድ ቀን ሲቆም ቤቶቹም ተዘጉ። ከቤታቸው ብዙ መቶ ማይል የራቁ ሰዎች ፊኒክስ ጎዳና ላይ ቀሩ። ስቴቱ ማረፊያና መመለሻ የሚያገኙበት የስልክ መስመር ከፈተ፤ የናቫሆ መንግሥት ደግሞ «ኦፕሬሽን ሬይንቦ ብሪጅ» ብሎ የራሱን ሰዎች ልኮ ወገኖቹን ማሰባሰብ ያዘ።

እንዴት ይጣራል?

የፈቃዱን ቁጥርና የድርጅቱን ስም ይዛችሁ ወደ ሰጪው የስቴት መምሪያ ሂዱ፤ አብዛኞቹ ድረ ገጻቸው ላይ መፈለጊያ አላቸው፣ ካልሆነም ይደወላል። የአገልግሎቱን ዓይነት አንብቡ። አድራሻውን አንብቡ። ደረጃውን፣ ሙሉ ይሁን የሙከራ ወይም ጊዜያዊ፣ አንብቡ። የመጨረሻው ምርመራ ምን ጉድለት እንዳገኘ ጠይቁ፤ ብዙ ስቴቶች ያወጡታል። ሜታዶን ወይም ቡፕረኖርፊን ይሰጣሉ ወይ ብላችሁ ጠይቁና መልሱን ብቻ ሳይሆን አመላለሱንም ስሙ።

ሁለት ነገር ስለ እኛ ልጨምር። አንደኛ፣ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ተቋም፣ ሜዲኬይድን ጨምሮ፣ የአማርኛ አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለበት፤ ትንሹን ልጃችሁን አስተርጓሚ አድርጋችሁ አትግቡ። ሁለተኛ፣ ብዙ ቤተሰብ ከክሊኒክ የሚሸሸው ወሬው ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ይደርሳል ብሎ ነው። የሱስ ሕክምና መዝገብ ከ1970ዎቹ ጀምሮ በተለየ የፌዴራል ሕግ የተጠበቀ ነው፤ ታካሚው በጽሑፍ ካልፈቀደ ለአሠሪ፣ ለአከራይ፣ ለዘመድም አይነገርም። ልጁ ለአቅመ አዳም ከደረሰ ለእናቱም ቢሆን።

ወደዚያች እናት ልመለስ። እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጠን ቁጥሩን በስልኳ ፈለግነው። ፈቃዱ እውነተኛ ነበር፤ ለተመላላሽ ሕክምና፣ በአንድ የንግድ ሕንፃ ውስጥ ላለ ቢሮ የተሰጠ። ማደሪያ የሚል ቃል የለበትም። «ታዲያ ልጄ የት ነው የሚያድረው?» አለች። በማግስቱ ደውላ የቤቱን አድራሻና የምስክር ወረቀቱን ጠየቀቻቸው። አድራሻው አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርስ ይነገረዋል አሏት።

ትኬቱ የሐሙስ ነበር። አልሄደም። የቤተሰብ ሐኪሙ ጋ ቀጠሮ የተገኘው ከ11 ቀን በኋላ ነው፤ እስከዚያ ድረስ እናቲቱ ናርካን የሚባለውን፣ ከልክ ያለፈ ዕፅ የወሰደን ሰው ከሞት የሚያተርፈውን፣ በአፍንጫ የሚረጭ መድኃኒት ከፋርማሲ ገዝታ፣ አንዱን በቦርሳዋ፣ አንዱን በልጇ አልጋ ራስጌ አስቀምጣ፣ በሩን ገርበብ አድርጋ ነበር የምታድረው።